ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ስልኬ በየመሀሉ እየጠፋ አስቸገረኝ። ጨርሶ ቢሞት ሌላ ገዝቼ አርፍ ነበር፤ እሱ ግን ሲፈልግ ይነሳል፣ ሲፈልግ ይተኛል፤ ከጉልበቴ ጋር የተማከረ ነው የሚመስለው። እዚህ ሞጣ፣ መናኸሪያው አጥር ስር ስልክ የምትጠግን አንዲት ሴት አለች፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትሠራ፣ ወሬ የማታበዛ። ወስጄ ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችውና "አባባ፣ ወድቋል እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ አልወደቀም" አልኳት። ከሦስት ቀን በፊት ከቤቴ ደረጃ ላይ ወድቆ እስከ ታች እየነጠረ ወርዷል። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም፤ የማተርፈው ነገር የለም፤ ስልኩ የራሴ ነው። አፌ ለምዶት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ ሲሸጥ የኖረ ሰው "ወድቋል ወይ?" ሲባል ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ባትሪውን ለወጠች፣ የቻርጀሩን ቀዳዳ በብሩሽ ጠረገች፣ ሰካች፣ ነቀለች። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሚገባና የሚወጣውን ሚኒባስ ስቆጥር ረፈደ። በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ከፈታችውና ጥጉን በማጉያ መነጽር ስታይ ቆይታ "ይሄማ ወድቋል፤ መጀመሪያ ቢነግሩኝ እዚህ ጋ እጀምር ነበር። ግማሽ ቀኔን በሉት" አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ መበየጃዋን አንስታ ሊዱን፣ ያንን ቀልጦ የሚያያይዘውን ሽቦ፣ ነካ ስታደርገው ያ ሰማያዊ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የሊድ ጭስ ሽታ እንደ ሌላ ሽታ አይደለም፤ ጣፋጭም ነው፣ ያንገሸግሻልም። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያላሰብኩት ሰው፣ መምህር ታምራት፣ አጎንብሶ ሲበይድ ታየኝ። ከእሱ አጠገብ ደግሞ ወይዘሮ የሺ፣ ዳንቴላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

ያ ዘመን ሻይ በሃምሳ ሳንቲም የሚጠጣበት ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የማስታውሰው በዕቃ ነው። የራዲዮ ድንጋይ በደርዘን የሚሸጥበት፣ ቴትሮን ሱሪ ከነመስመሩ የሚከበርበት፣ ጎረምሳ ሁሉ የእጅ ሰዓቱ እንዲታይ እጅጌውን የሚጠቀልልበት ጊዜ ነበር። ሱቄ ከሞጣ ገበያ መውጫው ላይ ነበረች፤ አሁን በቦታው ባንክ ቆሟል፣ በሩ ላይ የሚፈትሽ ጠባቂ አለ፤ እኔንም ይፈትሸኛል። ከፊት ለፊቴ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ አንድ የትዝታ ካሴት ወዶ ከጠዋት እስከ ምሽት ያንኑ ሲያዞረው፣ እኔ ሳልፈልግ ግጥሙን ከነሳሉ አጠናሁት። ዛሬ ከዚያ ካሴት ቤት ግድግዳ በቀር የቀረ የለም፤ እኔ ግን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ያንን ዘፈን ሳንጎራጉር እገኛለሁ። ሁለት ትልልቅ ኪስ ያለው ካኪ ኮት ነበረኝ፤ በአንዱ መፍቻ፣ በሌላው ቁራጭ ገመድ አይጠፋም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ገበያው አስተማረኝ፣ ሲያስተምርም አይራራም።

ወይዘሮ የሺ የብቸና ሰው ናቸው። ፍርድ ቤት ታይፕ መቺ ነበሩ፤ ጣታቸው ከዳኛው አፍ ይቀድማል ይባል ነበር። ባላቸው ሞተዋል፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ያሳድጋሉ። ሥራ ካልያዙ ደግሞ ኪሮሽ ከእጃቸው አይወርድም። ዳንቴል ይሠራሉ፤ የራዲዮ ልብስ፣ የቴሌቪዥን ልብስ፣ የወንበር ልብስ፤ ቤታቸው ውስጥ ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ አልነበረም። የጎረቤት ሙሽራ እንኳ ያለ የሺ ዳንቴል ጎጆ አትወጣም። ታዲያ አንድ ቀን እህታቸውን ሊጠይቁ ሞጣ መጥተው ሱቄ ገቡና ኮምፒውተር እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። የታይፕ ዘመን እያለቀ ነው፣ ብቸና ላይ የራሴን ጽሕፈት ቤት ልከፍት ነው አሉኝ። ሥራቸውን ለቀው ነበር። በቦታቸው ወዲያው ሌላ ሰው ተቀጥሯል፤ የሚመለሱበት ወንበር የለም። ይህን ሁሉ ነገሩኝ። እኔም ደንበኛ በተሞላ ሱቅ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ፣ ከሰይድ እጅ የወጣ ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሰይድ መልሶ ይወስደዋል፣ አልኳቸው።

አዲስ አበባ ሄጄ ከውጭ የመጣ ሁለተኛ እጅ ኮምፒውተር መረጥኩ። ስክሪኑን ታቅፌ፣ ሲፒዩ የምንለውን ዋናውን ሳጥን በካርቶን አሽጌ ጣራ ላይ አስጫንኩት። አውቶቡሱ እስከ ደጀን ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወደ ብቸና የሚያስገባ መኪና መቀየር አለብኝ። ደጀን ላይ ዕቃ የሚያወርዱት ልጆች ሁለት ብር ጠየቁኝ። ሁለት ብር አራት ሻይ ነው። ኮቴን አውልቄ ራሴ ጣራው ላይ ወጣሁ። ካርቶኑን ከኮቴ ኪስ ባወጣሁት ገመድ አስሬ ቀስ እያልኩ ሳወርድ ቋጠሮው ተንሸራተተና በጥጉ መሬት ላይ ዱብ አለ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። አንዱ አውራጅ ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ አየኝ፣ መልሶ ጎረሰው። ወረድኩና የተጨራመተውን ጥግ ወደ ደረቴ አዙሬ ተሸከምኩት። ብቸና ደርሼ ስንሰካው በራ። ወይዘሮ የሺ እልል አሉ። ከበራ ሌላ ምን ይፈለጋል ብዬ እኔም ሻዬን ጠጥቼ ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋ ጀመር። ጠዋት ደህና ሠርቶ፣ ረፋድ ላይ ጥፍት። ትንሽ ያርፍና ይነሳል። በስልክ ሲነግሩኝ የመብራቱ ችግር ነው አልኳቸው፤ የብቸና መብራት የማይከሰስበት ወንጀል አልነበረም። ወይዘሮ የሺ ግን የፍርድ ቤት ሰው ናቸው፣ ማስረጃ ያያሉ። "አምፖሉ በርቶ እሱ ብቻ ነው የሚጠፋው" አሉኝ። እንግዲያው ይዘውት ይምጡ አልኳቸው። በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ ጭናቸው ላይ አድርገው በዚያ በጠጠር መንገድ፣ ጉንደ ወይን ላይ ጎማ እስኪቀየር አቧራ ላይ ተቀምጠው ሞጣ አመጡት።

መምህር ታምራት የቴክኒክ አስተማሪ ነበር፤ ከደቡብ ተመድቦ የመጣ፣ ረጋ ያለ ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሱቄ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግቶ ራዲዮና ቴፕ ይጠግናል። አሠራሩ ለየት ይላል፤ ዕቃ ከመፍታቱ በፊት ሰውን ይጠይቃል። መቼ ጀመረው፣ ስንት ሰዓት ሠርቶ ነው የሚጠፋው፣ ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል ወይስ ስክሪኑ ብቻ ነው የሚጨልመው፣ እያለ እንደ ሐኪም ይጽፋል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ "ጋሽ ሰይድ፣ በመንገድ ወድቆ ነበር?" አለኝ። አልወደቀም አልኩ። ቀኑን ሙሉ አብርቶት ዋለ፤ አንዴም አልጠፋም። ወይዘሮ የሺ ሰው ፊት ዋሾ ሆነው ቀሩ። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ፤ ኮምፒውተሩ እርስዎን ነው የሚፈራው ብዬ ቀለድኩባቸው። ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ጥርስ ላይ ቀረ።

ወሰዱት፤ ጠፋ። መልሰው አመጡት፤ ሞጣ ላይ ሠራ። በዚህኛው ታምራት ፓወር ሰፕላዩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር የተነቀለ ደህና ገጠመላቸው። መብራቱን ከግድግዳው ተቀብሎ ለውስጡ የሚያከፋፍለው እሱ ስለሆነ፣ ጥርጣሬው መጀመሪያ እዚያ ላይ ነበር። ሲገጥም ደግሞ፣ ቀና ሳይል፣ እርግጠኛ ነዎት አልወደቀም? አለኝ። ጎረቤቴ ነጋዴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ከእኔ እጅ ዕቃ አይወድቅም አልኩት። ወላሂ አላልኩም፤ ባለማለቴ ለራሴ ትልቅ ሰው መሰልኩ።

ያም አልረዳቸውም። ብቸና ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የይግባኝ ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ፤ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጠፋ። እንደገና ጀመሩት፤ እንደገና ጠፋ። ሲያልቅ ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል። ሽማግሌው አልተሳደቡም፤ "ልጄ፣ በእጅሽ ብትጽፊልኝ ኖሮ" ብቻ ብለው ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባለጉዳይ እያለፋቸው ጃንጥላ ስር ወደ ተቀመጡት ታይፕ መቺዎች መሄድ ጀመረ። ወይዘሮ የሺ ደብዳቤ ላኩብኝ፤ አንድ ወር እንዲህ ከቀጠለ ቤቱን ዘግቼ ልጆቼን ይዤ ወንድሜ ጋ ገጠር እገባለሁ የሚል። በእጅ ነበር የተጻፈው።

ደብዳቤውን ለታምራት አሳየሁት። አንብቦ አጠፈውና፣ ዕቃው ሞጣ ላይ የማይታመም ከሆነ እሱ የሚኖርበት ቤት ሄደን እንየው፣ አለ። ቅዳሜውን ሱቄን ዘግቼ አብረን ብቸና ወረድን። ገና ከበሩ ስንገባ ሁለታችንም ቆምን። ሳጥኑ ዳንቴል ለብሷል። ያውም እንዴት ያለ ዳንቴል። ነጭ፣ በስታርች የደረቀ፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ወይን የተንዠረገገበት፣ ከአናቱ እስከ ወገቡ የወረደ። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ታጥቦ ተተኩሷል። ታምራት ቀስ ብሎ፣ ሞጣ ሲያመጡት ይሄ የት ነበር? አላቸው። መንገዱ አቧራ ነው፣ እንዳይቆሽሽብኝ አውልቄ ቤት እተወዋለሁ አሉ። እጁን ከዳንቴሉ ስር ከተተና መልሶ አወጣ። "እንደ ምጣድ ግሏል" አለ።

የዚያን ቀን ሥራውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። መጀመሪያ ዳንቴሉን አንስቶ አበራው፤ እኛ ምሳ በልተን እስክንጨርስ ሠራ። ከዚያ አለበሰው፤ ብዙም ሳይቆይ ጥፍት አለ። ወይዘሮ የሺ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አሁን ክዳኑን ፈታው። ማዘርቦርዱን፣ ያንን አረንጓዴ ዝርግ ሰሌዳ፣ ሲበራ እያየ በደረቅ እርሳስ ጫፍ ቀስ ቀስ እያለ ይጫነው ጀመር፤ ከዳር ወደ መሀል፣ አንድ ስንዝርም ሳይዘል፣ ልክ ሐኪም ሆድ እንደሚዳብስ። ከፓወር ሰፕላዩ የመጣው ገመድ የሚሰካበት ቦታ ሲደርስ ማራገቢያው ሽቅብ ተንፍሶ ቆመ። ጫናውን ሲያላላ ተነሳ። ከፊት ለፊት ከነበረው የሴቶች ፀጉር ቤት ፀጉር ማድረቂያ አስመጣና እዚያች ቦታ ላይ ሞቅ ያለ አየር ነፋባት፤ ሞተ። በካርቶን አራገበባት፤ ዳነ። ሰሌዳውን አውጥቶ ገለበጠና በማጉያ መነጽር አየ። ለእኔም አሳየኝ። የዚያ መሰኪያ እግሮች በሊድ የተያዙበት ቦታ ላይ፣ በአንዷ እግር ዙሪያ ቀለበት የመሰለች፣ ከፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አለች። ሲቀዘቅዝ ትገጥማለች፣ ሲሞቅ ትከፈታለች። ይችን ለማግኘት ነው ሦስት ጊዜ ያ ሁሉ አቧራ የተበላው።

ታምራት መነጽሩን አስቀመጠ። "ሙቀት ይከፍታታል እንጂ አይሰነጥቃትም። ይሄ የምት ነው። ጋሽ ሰይድ፣ ወድቆ ነበር?"

ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ወይዘሮ የሺ አጠገባችን ቆመዋል። ሱቅ ውስጥ በሰው ፊት የሰጠሁት ቃል ትዝ አለኝ፤ ደጀን ላይ ሲጋራውን የጎረሰው ልጅ ትዝ አለኝ። አልወደቀም አልኩ። ታምራት ሌላ ነገር ሳይናገር ደግሞ ቀደምኩና "ዳንቴሉ ነው የቀቀለው፤ መቼም ዕቃ ጋቢ ለብሶ አይሠራም" አልኩ፣ እየሳቅሁ። ታምራት አየኝ። ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝና መበየጃውን ሰካ። ያ ጭስ ወጣ። ቤቱ በዚያ ሽታ ተሞላ። እሱ ሲበይድ ወይዘሮ የሺ ዳንቴላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወይኖቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ቆሙ። በገዛ እጄ ነው እንዴ ልጆቼን ላስርብ የነበረው፣ አሉ፤ ለእኛ አልነበረም የሚናገሩት።

ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ አልጠፋም። ጽሕፈት ቤቱ ሰፋ፣ ልጆቹ ተማሩ፣ አንዷ ነርስ ናት። ስንወጣ ወይዘሮ የሺ ዳንቴሉን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ከዚህ ቤት ይውጣልኝ፣ ለባለቤትዎ ይሁን አሉ። ተቀበልኩ። ታምራት በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠረጴዛውን ወደ ሌላ ሱቅ አዛወረ። ቦታ ጠበበኝ አለ። ቦታው አልጠበበም ነበር። ዘሃራ፣ ባለቤቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ዳንቴሉን ቴሌቪዥናችን ላይ አለበሰችው። ለየዒዱ ታጥበው፣ ሲቀደድ ትጠግነው ነበር። ማን ሰጠህ ብትለኝ ደንበኛ አልኳት። ሃያ ምናምን ዓመት ዜና ባየሁ ቁጥር አየሁት። አምና ልጄ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን አመጣች፤ እንደ መጽሐፍ ቀጥኖ የሚቆም፣ ምንም ሊያለብሱት የማይቻል። ዳንቴሉ ታጥፎ መሳቢያ ገባ።

ስልኬን ተቀብዬ ቤቴ ሄድኩ፤ በማግስቱ ዳንቴሉን በፌስታል ይዤ ብቸና ተሳፈርኩ። መንገዱ አሁን አስፋልት ነው፤ ድሮ ቀን ሙሉ የሚፈጀው መንገድ አንድ እንቅልፍ አይሞላም። ማሰቢያ ጊዜ ስለሌለው አልወደድኩትም። ወይዘሮ የሺን ከቤታቸው አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ቤቱ ከኋላ ጨለም ስለሚል በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተዋል። ዙሪያውን አየሁ። ቴሌቪዥኑ ራቁቱን፣ ራዲዮው ራቁቱን፣ ፍሪጁ ራቁቱን፣ ወንበሮቹም ራቁታቸውን። የት እንደማይ ገባቸውና፣ እኔ ዕቃ ገዳይ ነኝ ጋሽ ሰይድ፣ ያለበስኩት ይሞታል፤ ከዚያ ወዲህ ኪሮሽ አልያዝኩም፣ አሉኝ። ይህን እንደ ጨዋታ ነው የሚናገሩት፤ ለሰው ሁሉ ሲያወሩት የኖሩት ይመስላል፣ ቃሉ ተለስልሷል።

ነገርኳቸው። ደጀንን፣ ገመዱን፣ ሁለት ብሩን፣ ጥጉን ወደ ደረቴ እንዳዞርኩት። ዳንቴሉን ከፌስታሉ አውጥቼ ጭናቸው ላይ አኖርኩት። በጣታቸው ከጠርዙ ጀምረው ዳሰሱት፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሙና ይሄ የእኔ እጅ አይደለም አሉ። የዘሃራ ጥገና ነው አልኳቸው። "ጥሩ እጅ ነበራት" አሉ። ከዚያም፦

"ያ መምህር ስንቴ ጠየቀዎት?"

"ሦስቴ።"

"እኔ አንዴም አልጠየቅሁዎትም።"

"አልጠየቁኝም።"

"ያኔ ቢነግሩኝ እኮ ዕቃውን አልመልስልዎትም ነበር። ከተበየደ ወዲያ ምን ጎደለው? ሥራዬን እሠራበት ነበር።" ዳንቴሉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ መልሰው አራቁት። "ይሄን ግን አልተውም ነበር። አሁን ኪሮሽ ልያዝ ብል ዓይኔ ክሩን አይለይም።"

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። መጀመሪያ ፍሪጁን ያልብሱት አሉኝ። ተነሳሁ፤ ጉልበቴ ጮኸ። ዳንቴሉን አናቱ ላይ ዘረጋሁት። ወይኖቹን ወደ ፊት፣ እንዲታዩ፣ አሉኝ፤ ወደ ፊት አደረግኋቸው። ተመልሼ ተቀመጥኩና ሁለታችንም ፍሪጁን ማዳመጥ ጀመርን። ያጉረመርማል። እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እኔም እንዳይጠፋ በልቤ እየለመንኩ እጠብቃለሁ፤ ለዚያ ኮምፒውተር እንኳ እንዲህ ለምኜ አላውቅም።

ትንሽ እንደቆየን ፍሪጁ አንዴ ተንቀጠቀጠና ዝም አለ።

ወይዘሮ የሺ ክው አሉ። ከዚያ በዚያ በደከመ ዓይናቸው ቀና ብለው ወደ ጣራው አዩ። እኔም አየሁ። አምፖሉ ጠፍቷል። ውጭ ጎረቤት ሁሉ "ሄደ፣ ሄደ" ይላል።

"ይሄስ የብቸና መብራት ነው" አሉ፤ ዳንቴሉንም አላነሱትም።